በመሐል ሜዳ የጠፉ ኳሶች

የመሳቢያዬን ወረቀቶች ሳገላብጥ አንድ ያረጀ ደብተር አገኘሁ። ጠርዙ ዝናብ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፤ ሽፋኑ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «የበልግ ልምምድ፣ 2010» ይላል። ውስጡ ግጥም አይደለም። በግራ በኩል የማልያ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ሁለት ዓምዶች አሉ፦ «ደረሰ» እና «ጠፋ»። በየዓምዱ ውስጥ አራት አራት ሆነው የቆሙ፣ በአምስተኛው የታሰሩ ትናንሽ ጭረቶች ሞልተዋል። ገጹን ስገልጥ ዓይኔ ስምንት ቁጥር ረድፍ ላይ ተተከለ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም ያ ረድፍ ነው።

ያን ጊዜ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ከዓለም ከተማ ሙቀት ወጥቼ ወደዚያ ብርድ ስመደብ እናቴ እንደ ዘማች ነው የሸኘችኝ። የከተማዋ ስም ራሱ የኳስ ቋንቋ መሆኑን ልብ ለማለት እንደ እኔ እንግዳ መሆን ሳያስፈልግ አይቀርም። ተወላጁ «መሐል ሜዳ» ሲል ቤቱን ነው የሚያስበው፤ እኔ ግን የምደባ ደብዳቤዬን ሳነብ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው የኳስ ሜዳ ክብ መስመርና በክቡ መካከል ቆሞ ወዴት ላቀብል እያለ የሚያማትር አማካይ ነበር። ነገሩ ትንቢት ሆነ ልበል?

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ በግጦሽ መሬት ላይ ነበር። ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ዳገት የወጣ ቡድን በሁለተኛው ቁልቁለት ይወርዳልና ፍትሕ አልተጓደለም ይባል ነበር። መስመሩ በአመድ ይሰመራል፤ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ በማግሥቱ እንደገና ይሰመራል። የደጋው ገበሬ ገብሱን በበልግ ስለሚዘራ ዝናቡ ሲወርድ ማንም ሰው «ሜዳው ጨቀየ» ብሎ አያማርርም። እኔ አንድ ቀን ሳላውቅ አማርሬ አንድ ሽማግሌ እንዴት እንደተመለከቱኝ አልረሳውም።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ካዝና ዘግተን ስንወጣ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ወደዚያ ሜዳ እሄድ ነበር። የሚለማመደው በከተማው ካሉ ተቋማት የአንዱ ኮሌጅ ቡድን ነው። አሰልጣኙ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ በየወሩ መጨረሻ በመስኮቴ በኩል ደመወዛቸውን ያወጣሉ። አንድ ቀን ብሩን ከሰጠኋቸው በኋላ እንደ ሌላው ሰው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱትና እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ስትቆጥር አትሳሳትም ይሉሃል። እስቲ የእኔንም ልጆች ቁጠርልኝ።»

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በግንቦት ወር ወደ ደብረ ብርሃን ወርደው ከሌላ ኮሌጅ ጋር ይጋጠማሉ። በኮሌጁ መምህራን መካከል ክርክር ተነሥቷል። ገሚሱ «ኳሱን ወደ ፊት ምቱና ተከተሉት» ይላል፤ አሰልጣኙ ደግሞ ልጆቻቸውን ኳስ በመሬት አቀባብለው እንዲጫወቱ ነው የሚያስተምሯቸው። የልምምዱ ግማሽ «መሐል ባልገባ» ነበር፤ ስድስት ልጆች በክብ ቆመው ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ መሐል ገብተው ኳሱን ለመንጠቅ ይዳክራሉ። አሰልጣኙ የፈለጉት ለተከራካሪዎቻቸው የሚያሳዩት ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር በአገራችን ምን ያህል እንደሚከበር ባንክ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ረጅሙ ኳስ አንድ ነገር ልበል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር የሰውን ሳንባ እንደሚያስጨንቅ ሁሉ ኳስንም አይዝም። ስለዚህ በቆላ አጥቂው ደረት ላይ የሚያርፍ ረጅም ምት በመንዝ ከአጥቂው ራስ በላይ አልፎ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል። የሚታጠፍ መስሎ የተመታውም ሳይታጠፍ ይቀራል። በቦሊቪያ ዋና መቀመጫ በላ ፓዝ ያለው ስታዲየም 3600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ብሎ ወስኖ፣ ቦሊቪያውያን በመሪያቸው ሳይቀር ተንጫጭተው፣ በ2008 ነገሩ ቀርቷል። እንግዳው ቡድን የሚፈራው ድካሙን ብቻ ሳይሆን የኳሱንም ባሕርይ ነው። በዚህ በኩል አሰልጣኙ ልክ ነበሩ፦ በደጋ አገር ኳስን ማመን የሚቻለው መሬት ስትነካ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሲጨመርበትማ ምን ይነገራል!

በእኔም ልብ ውስጥ ለቅብብል የተሰጠ ቦታ ነበር። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ብሔራዊ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩይት፣ ያለፈውን ዋንጫ ከወሰደችው ዛምቢያ ጋር ሲጫወት አየሁ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለሳችን ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎል ገባብን። በአሥር ሰው ኳሱን እየተቀባበልን ቆይተን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ሻይ ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ሰው አቅፎ አለቀሰብኝ። ዕለቱ ከ51 ዓመት በፊት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ያነሣንበት ዕለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዛምቢያ ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ያን ጊዜ «ቆንጆ ተጫውተን ተሸነፍን» የሚለው አነጋገር በየአፉ ነበር። እኔ «ቆንጆ» የሚለውን ይዤ «ተሸነፍን» የሚለውን ጥዬ ነበር የሄድኩት፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ግጥም ጻፊ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅበታል።

እንግዲህ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ያህል፣ በጉም ውስጥ፣ በካፊያ ውስጥ፣ ከተከራየሁበት ቤት ባለቤት የተዋስኩትን ባና ደርቤ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ጭረት አሰመርኩ። አንድ ልጅ ኳስ ሲያቀብል ለጓደኛው ከደረሰች በ«ደረሰ» ሥር፣ ካልደረሰች በ«ጠፋ» ሥር። ማታ ማታ እደምራለሁ። ድምሩ ሲገጥም የሚሰማኝ ደስታ የቀኑ ካሽ ሳይጎድል ሳይተርፍ ሲመዛዘን የሚሰማኝ ዓይነት ነበር።

ከሁሉ የሚያምረው የስድስት ቁጥሩ ረድፍ ነበር። ካቀበላቸው አሥር ኳሶች ዘጠኙ ይደርሳሉ። እርጋታ ያለው፣ ጫማው የተሟላ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጫወት የከተማ ልጅ ነው። ለአራት ቁጥር ያቀብላል፤ አራት ቁጥር ይመልስለታል፤ እንደገና ለአራት ቁጥር። ይህ ሲሆን ጭረቶቼ እንደ በልግ ቡቃያ ይበዙ ነበር።

ስምንት ቁጥር የጊሼ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በኮንጎ ጫማ የሚለማመድ። የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል። ካቀበላቸው አሥር ኳሶች አራቱ ይጠፋሉ። አጠፋፋቸው ደግሞ ያናድዳል፤ ተጫዋች ወዳለበት አያቀብልማ! ባዶ ሣር ላይ ይልካታል፤ ኳሷ በሁለት ተከላካዮች መካከል ሾልካ ወጥታ ማንም ወደሌለበት ትሄዳለች፤ ሰባት ቁጥር ዘግይቶ ይነቃል፣ ይሮጣል፣ ሳይደርስባት ከመስመር ትወጣለች። በጎች የሚጠብቁ ሕፃናት ከማሳው ዳር እየተሽቀዳደሙ ያመጧታል። እኔ ደግሞ «ጠፋ» ብዬ ጭረቴን አሰምራለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰባት ቁጥር ቀደም ብሎ መሮጥ የጀመረበት ቀን እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሁለት ጊዜ ኳሷ እግሩ ላይ አረፈች፤ ሁለቱንም ጊዜ ግብ ጠባቂው ብቻውን ቀረ። በደብተሬ ላይ ያ ቀን ሁለት «ደረሰ» ነው። ስድስት ቁጥር ለአራት ቁጥር ካቀበላቸው ሁለት ኳሶች በምንም አይለይም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ግጥም ብናገር ይፈቀድልኝ። በዚያ ወራት ማታ ማታ በወል ቤት እጽፍ ነበር፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። በጣቴ እየቆጠርኩ። አንድም ስንኝ አይጎድልብኝም፤ ቤት ይመታል፤ ዕረፍቱ ቦታው ላይ ነው። ለአንድ የማከብረው ወዳጄ ልኬለት ነበርና የመለሰልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቀለሙ ሞልቷል፤ ግን የትም አልሄደም።» ተቀይሜው ከረምኩ። ይህና የደብተሩ ነገር በዚያው ወር ሲሆኑ ግንኙነታቸውን አለማየቴ አሁን ይገርመኛል።

በግንቦት መጀመሪያ ለአሰልጣኙ ንጹሑን ገጽ አገላብጬ ሰጠኋቸው። መስመር በማስመሪያ ተሰምሮበት፣ ድምሩ ከሥር በቀይ ተጽፎ። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱትና፦

«እኔ ይህን ልጅ በዓይኔ ስወደው ነበር» አሉ ስምንት ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው። «ዓይን ግን ያታልላል።»

«ቁጥሩ ይህን ነው የሚለው፣ ጋሼ» አልኩ። በባንክ መስኮት ደንበኛ ሒሳቤ እንዲህ አይደለም ሲለኝ የምመልሳት መልስ ናት።

ወደ ደብረ ብርሃን አብሬያቸው ሄድኩ። በሞላሌ በኩል ወጥተን ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገባን፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ነው የነዳው። ስምንት ቁጥር ከኋላ ወንበር ላይ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ነበር። ሜዳው ላይ ቡድናችን ሲገባ እርሱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀመጠ።

ልጆቹ አማረባቸው። ኳሷ ከእግር እግር፣ ከስድስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ አምስት፣ ተመልሳ ወደ ስድስት። ተመልካቹ በየቅብብሉ «ኦሌ!» እያለ አጨበጨበ። እኔም ደብተሬን ይዤ ስለነበር የሁለቱንም ቡድኖች ቆጠርኩ፤ በዕረፍት ሰዓት የእኛ የእነርሱን እጥፍ ሆኖ አገኘሁትና ኩራት ተሰማኝ። እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው፦ ኮራሁ። ወደ ግብ የተመታ ኳስ አለመኖሩን ያየሁት ከጎኔ የቆመ የማላውቀው ሰውዬ «ጎሉ በዚህ በኩል መሆኑን ነግረዋቸዋል?» ብሎ ሲስቅ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ በማዕዘን ምት አንድ ጎል ገባብን። አሰልጣኙ ሁለት ተጫዋች ቀየሩ፤ ስምንት ቁጥርን አላስገቡትም። ወረቀቱ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። 1 ለ 0 አለቀ።

በመመለሻው መንገድ ከፊት ወንበር ዞረው «አየህ፣ እኛ ነን በደንብ ያቀበልን» አሉኝ። አዎ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስምንት ቁጥር የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ወረፋው ውስጥ ቆመ። ተራው ሲደርስ የማውጫ ቅጹን በመስኮቱ ሥር አሳልፎ ሰላምታ ሰጠኝ። ብሩን ስቆጥር እጄን ሲመለከት ይታወቀኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የቆጠሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«የጠፉት ኳሶች ወዴት ሲሄዱ እንደጠፉ ደብተሩ ላይ አለ?»

ዝም አልኩ። ከኋላው ሰዎች አሉ፤ አንዲት እናት የቡና ገንዘብ ሊያስገቡ መሐረባቸውን እየፈቱ ነው። እርሱ ግን ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ አንድ የረሳሁትን ነገር እንደሚያስታውሰኝ ሰው ቀጠለ፦

«እኛ በግ ስንጠብቅ ድንጋዩን በጉ ላይ አንወረውርም። ያለበት ላይ ብንወረውር እንሰብረዋለን፤ ከኋላው ብንወረውር ይብስ ይሮጣል። በወንጭፍ ከፊቱ ነው የምንጥልለት፤ ገና ወዳልደረሰበት። በመጀመሪያ አይገባውም። ሲለምድ ግን ድንጋዩን ሳያይ ይዞራል።» ከዚያ ብሩን ተቀብሎ፣ እንደ አሰልጣኙ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተውና «ሰባት ቁጥር መልመድ ጀምሮ ነበር» ብሎ ወጣ።

በባንክ ሥራ ካሽ ሲጎድል ጎደሎው የሚወራረደው ከከፋዩ ደመወዝ ነው። ሕጉ ከባድ ቢሆንም ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ የተሳሳተው ይከፍላል። የዚያ ደብተር ጉድለት ግን የተወራረደው ከእኔ አልነበረም። ያንለት ማታ ገጾቹን ዘርግቼ ስምንት ቁጥር ያጠፋቸውን ኳሶች አቅጣጫ ከጭረቶቹ ላነብ ሞከርኩ። ጭረት አቅጣጫ የለውም። ከሦስት ሳምንት ዝናብና ብርድ በኋላ የሰበሰብኩት ነገር ልጁን ለመፍረድ የበቃ፣ ለመረዳት ግን የማይበቃ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስለ አንድ እንግሊዛዊ አነበብኩ፤ ስሙ ቻርልስ ሪፕ ነው። የሒሳብ ሙያ ተምሮ አየር ኃይል ያገለገለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ከሰዓት በኋላ የስዊንደን ቡድን የማጥቃት ከንቱነት ቢያናድደው እርሳስና ደብተር አውጥቶ የቅብብሎችን ቁጥር መመዝገብ ጀመረ፤ ከዚያም ለአሠርት ዓመታት አላቆመም። የደረሰበት መደምደሚያ ከእኔ ተቃራኒ ነው፦ አብዛኛው ጎል የሚገባው ከሦስት ቅብብል ባልበለጠ ጥቃት ስለሆነ ኳሷን ቶሎ ወደ ፊት መምታት ይበጃል። እንግሊዝ ውስጥ የረጅም ኳስ ተሟጋቾች በዚህ ቁጥር ሲምሉ ኖረዋል። በኋላ የመጡት ያሳዩት ስሕተት ግን አንድ የመንደር ነጋዴ እንኳ የሚስተው አይደለም፦ በጨዋታ ውስጥ የሚሞከረው ጥቃት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሦስት ቅብብል ሳይዘል የሚቋረጥ ነው፤ ብዙ የተሞከረው ብዙ ጎል ቢያስገባ ምን ይደንቃል? እርሱ በቁጥሩ ቅብብልን ናቀ፤ እኔ በቁጥሬ ቅብብልን አመለክሁ። ሁለታችንም እርሳሳችን የተሳለ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን በቢሮዬ መሳቄን አስታውሳለሁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው የተቋረጠው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በሀገሩ እንዳይጫወት ስታዲየሞቹ ታግደውበት በማላዊ፣ በሊሎንግዌ፣ ግብፅን ሲያስተናግድ በቴሌቪዥን ተከታተልኩ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር፤ ኳስን ከኋላ ጀምሮ በቅብብል በማውጣት የታወቀ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። አብረውኝ የነበሩት ጎሎቹን ደጋግመው ሲያዩ እኔ የማየው ሌላ ነበር፦ ከጎሎቹ በፊት ወደ ፊት ተልከው የጠፉትን ኳሶች። አንዷ ስትጠፋ ከጎኔ ያለው ልጅ «ምነው ይሄ ሰውዬ!» ብሎ ሲቆጣ በማላውቀው ሰው ምትክ ተቀየምኩ።

ስምንት ቁጥር በ2010 ክረምት ትምህርቱን ጨርሶ ከመሐል ሜዳ ወጣ። ሒሳቡን ሊዘጋ ሲመጣ መስኮት ላይ የነበርኩት እኔ አልነበርኩም፤ ደብተሩ ላይ የተሰመረውን መስመር በኋላ ነው ያየሁት። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ላይ ካለፈው ሁሉ ጋር የት እንደደረሰ ለማወቅ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሰባት ቁጥርን አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አግኝቼው ነበር። ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራን፤ ልንለያይ ስንል «እርሱ ቢኖር ኖሮ እሮጥ ነበር» አለኝ።

በ2011 በልግ አሰልጣኙ እንደገና እንድቆጥር ጠየቁኝ። እሺ አልኩ፤ አዲስ ገጽ ከፈትኩና ከ«ደረሰ» እና ከ«ጠፋ» አጠገብ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። በጭረት ፈንታ ቀስት የሚሣልበት ነው፦ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ። የመጀመሪያው ቀን ጉም ነበረ። ስምንት ቁጥር ማልያ የለበሰው አዲስ ልጅ ጎበዝ ነበር፤ በኮንጎ ሳይሆን በደህና ጫማ ይጫወታል፤ ያን ከሰዓት በኋላ ካቀበላቸው ኳሶች አንዷም አልጠፋችም። አሰልጣኙ ከሜዳው ማዶ «እንዴት ነው?» ብለው ጮኹ። ደብተሬን አየሁት። በሦስተኛው ዓምድ፣ በስምንት ቁጥር ረድፍ፣ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያመለክቱ ነበር።